አንድ ኮንቴይነር ጥሬ ቡና ለአውሮፓ ገዢ መሸጥ፦ ከናሙና እስከ ክፍያ

አዲስ ላኪ አብዛኛውን ኃይሉን የሚጨርሰው ዋጋ ላይ ነው። በአንድ ፓውንድ (0.45 ኪሎ ገደማ) ሁለት የአሜሪካ ሳንቲም ለማስጨመር ሳምንት ሙሉ ኢሜይል ሲያመላልስ ይቆይና ገዢው አዘጋጅቶ የላከውን ውል ግን ሳያነብ ይፈርማል። ሁለት ሳንቲም በአንድ ኮንቴይነር ላይ 850 ዶላር ገደማ ነው። ክብደቱ የት እንደሚለካ የምትወስን አንዲት ሐረግ፣ ከኤልሲው (ገዢው በባንኩ በኩል ከሚከፍተው የክፍያ ዋስትና) ጋር ያልተስማማ አንድ ወረቀት ወይም ሐምቡርግ ወደብ ላይ ተረካቢ አጥቶ የቆመ ኮንቴይነር ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበላል። እዚህ የምናየው ጥሬ አረቢካ ቡና ከጅቡቲ በኤፍኦቢ (ሻጩ ወጪውንና ኃላፊነቱን መርከብ ላይ እስኪጫን ብቻ በሚሸከምበት ውል) ለአውሮፓ ኅብረት ገዢ ሲሸጥ እያንዳንዱ የውል መስመር ምን እንደሚያስከፍል፣ የት ላይ እንደሚበላሽና እንዴት እንደሚጻፍ ነው።

ገዢው ማን ነው?

አውሮፓ ውስጥ ከላኪ በቀጥታ የሚገዙት በሦስት ይከፈላሉ፦ ትልልቅ የንግድ ቤቶች፣ ስፔሻሊቲ (በጥራቱ የተመረጠ ቡና) ላይ ያተኮሩ መካከለኛ አስመጪዎች እና ራሳቸው የሚያስመጡ ቆይዎች። በርሊን ወይም ሮተርዳም ውስጥ አንዲት ትንሽ መቁያ ያለው ሰው ቡናዎን ቢወደውም አሥር ኬሻ እንጂ ኮንቴይነር አይገዛም፤ እሱ የሚገዛው ሐምቡርግ፣ አንትወርፐን ወይም ትሪየስተ መጋዘን ውስጥ ካስቀመጠ አስመጪ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ኮንቴይነር የሚያዋጣው መካከለኛ አስመጪ ነው። ትንንሾቹ ቆይዎች ግን የሚናቁ አይደሉም፤ ሦስት አራት ቆይ "ይህን ቡና እንፈልጋለን" ብሎ ለአስመጪው ቢነግረው ከየትኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

እነዚህን ሰዎች በአንድ ቦታ ማግኘት የሚቻለው "ወርልድ ኦፍ ኮፊ" በሚባለው ዓመታዊ የአውሮፓ ትርኢት ነው፤ በ2024 ኮፐንሃገን፣ በ2025 ጄኔቫ ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ናሙና ለመላክ ደግሞ ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ኦገስት ላይ ግማሹ አውሮፓ ዕረፍት ስለሚወጣ ናሙናው ጠረጴዛ ላይ ይከርማል።

ትእዛዝ ከመቀበልዎ በፊት ድርጅቱን ያጣሩ። የጀርመን ድርጅት ከሆነ የንግድ መዝገቡ ከ2022 ኦገስት ጀምሮ በኢንተርኔት በነፃ ይታያል፤ የሆላንድ ከሆነ የንግድ ምክር ቤቱን የምዝገባ ማስረጃ፣ የእንግሊዝ ከሆነ የካምፓኒስ ሐውስን መዝገብ ይመልከቱ። የአውሮፓ ኅብረት አስመጪ ድርጅት የቫት ቁጥር ስለሚኖረው ቪአይኢኤስ በሚባለው የአውሮፓ ኮሚሽን ገጽ ላይ ቁጥሩን አስገብተው ይፈትሹ። አጭበርባሪዎች እውነተኛ የድርጅት ስም ወስደው አንዲት ፊደል ብቻ በምትለይ የኢሜይል አድራሻ ይመጣሉ። መፍትሔው መዝገቡ ላይ ያለውን የስልክ ቁጥር በራስዎ ፈልጎ መደወል ነው፤ በኢሜይሉ ግርጌ ያለውን ቁጥር አይመኑ።

በተቃራኒው በኩልም አደጋ አለ። የእርስዎ ኢሜይል ተጠልፎ ለገዢው "የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል" የሚል መልእክት ቢደርሰው ገንዘቡ ሌላ ቦታ ይገባል፤ ከዚያ ቡናው ሄዷል፣ ክፍያው የለም፣ ሁለታችሁም ትካሰሳላችሁ። ገና በመጀመሪያው ውል ላይ "የባንክ ሂሳብ ለውጥ በስልክ ተረጋግጦ በጽሑፍ ካልጸደቀ አይፀናም" የሚል መስመር ያስገቡ።

ዋጋውን በፈረሱላ አስልተው ይወቁ

የአረቢካ ዋጋ መነሻ የኒውዮርክ "ሲ" ገበያ ነው። ዋጋው በአሜሪካ ሳንቲም በፓውንድ ይነገራል፤ አንድ ሎት (የገበያው አንድ የግብይት መጠን) 37,500 ፓውንድ፣ ማለትም 17,010 ኪሎ ነው። ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ አንድ የኒውዮርክ ሎት አንድ ሺህ ፈረሱላ ያህል ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ አሥር ኪሎ ብቻ ነው። ይህ ለኛ ላኪዎች ትልቅ ምቾት ነውና ይጠቀሙበት። በፓውንድ የተነገረውን ሳንቲም በ0.3748 ሲያባዙት የአንድ ፈረሱላ ዋጋ በዶላር ይወጣል። 320 ሳንቲም ማለት በፈረሱላ 119.94 ዶላር፣ በኪሎ 7.05 ዶላር ገደማ ነው። አሁን ከአቅራቢው የገዙበትን ብር፣ የማበጠሪያውን፣ ከማበጠሪያ የሚወጣውን ተረፈ ምርት፣ የኬሻውን፣ እስከ ጅቡቲ ያለውን ትራንስፖርት፣ የባንክ ወለዱንና የሰነድ ወጪውን በዚያው በፈረሱላ ደምረው ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ብዙዎች የሚረሱት ተረፈ ምርቱን ነው፤ ከማበጠሪያ በኋላ በኤክስፖርት ደረጃ የማይወጣው ቡና በአገር ውስጥ ዋጋ ስለሚሸጥ ቀሪው ኪሎ ሁሉ የእሱን ኪሳራ ይሸከማል።

ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር በተለምዶ 320 ኬሻ ባለ 60 ኪሎ ይይዛል፤ 19,200 ኪሎ ወይም 42,329 ፓውንድ ነው። በ320 ሳንቲም 135,450 ዶላር ይሆናል። ኮንቴይነሩ ከአንድ ሎት በ13 በመቶ ስለሚበልጥ ከዋጋ መዋዠቅ ለመጠበቅ ግዢውን በኒውዮርክ ገበያ በሎት የሚሸፍን ገዢ ሁሌም የተወሰነች ክፍል ሳትሸፈን ትቀርበታለች፤ ገዢው በዚህ ጉዳይ ቢነጫነጭ ተንኮል አይደለም።

ዋጋ የሚቆረጠው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ቁርጥ ዋጋ ነው፦ "320 ሳንቲም በፓውንድ፣ ኤፍኦቢ ጅቡቲ"። ሁለተኛው በዲፈረንሻል፣ ማለትም በኒውዮርክ ዋጋ ላይ በሚደመር ወይም በሚቀነስ ልዩነት ነው፦ "የሜይ ኒውዮርክ ሲደመር 20 ሳንቲም፣ በኋላ የሚቆረጥ"። የኒውዮርክ የመረከቢያ ወራት ማርች፣ ሜይ፣ ጁላይ፣ ሴፕቴምበርና ዲሴምበር ብቻ ናቸው። በዲፈረንሻል ሲሸጡ ውሉ ላይ ሦስት ነገር መጻፍ አለበት፦ የትኛው ወር፣ የመቁረጥ መብቱ የሻጭ ነው ወይስ የገዢ፣ እስከ መቼ ነው የሚቆረጠው። የሦስተኛው መቅረት ነው ጠብ የሚያመጣው። መብቱ የሻጭ ሆኖ ሻጩ "ዋጋው ይጨምራል" እያለ ከጠበቀና ወሩ ሊያልፍ ሲል ገበያው ከወረደ የሚቆርጠው በግዴታ ነው።

ገበያው ደግሞ የሚዋዥቅ ገበያ ነው። በ2019 ከ100 ሳንቲም በታች የነበረው ዋጋ በ2025 ፌብሩዋሪ ከ400 በላይ ወጥቷል። ስለዚህ ቡናውን ገና በእጅዎ ሳያስገቡ በቁርጥ ዋጋ ለስድስት ወር አስቀድመው አይሽጡ። ዋጋው አገር ውስጥ ሲወጣ ውሉን ማክበር አቅቷቸው የቀሩ ላኪዎች ስማቸውን ለመመለስ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል፤ የአውሮፓ ቡና ገበያ ጠባብ ነው፣ አስመጪዎቹ እርስ በርስ ይደዋወላሉ። ቡናውን የገዙ ቀን ይሽጡ፣ ወይም የሸጡ ቀን ይግዙ።

ከመፈረምዎ በፊት የኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣን ውል የሚመዘግብበትን ዝቅተኛ ዋጋ በዕለቱ ይጠይቁ። ከዚያ በታች የተፈረመ ውል አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበ ውል ደግሞ ቡናውን ከአገር አያስወጣም። ገዢው የፈረመውን ዋጋ እንደገና እንዲያሻሽል መለመን ደንበኝነቱን በመጀመሪያው ሳምንት ያቆስላል።

ናሙና፦ ሦስት እሽግ፣ አንድ ሎት

"ናሙናው ካልጸደቀ ሽያጭ የለም" የሚል ሁኔታ በስፔሻሊቲ ሽያጭ የተለመደ ነው። ሻጩን የሚያስር ገዢውን የማያስር ስለሆነ ጊዜ ገድቡለት፦ "ገዢው የቅድመ ጭነት ናሙናውን በተቀበለ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ካልመለሰ እንደጸደቀ ይቆጠራል፤ ውድቅ ከሆነ ሻጩ አንድ ምትክ ናሙና የመላክ መብት አለው"። ይህ ካልተጻፈ ገበያው እየወረደ ሲሄድ ጥሩ ቡና ሳይቀር "ጣዕሙ አልተስማማንም" ተብሎ ሊመለስ ይችላል።

ናሙናው ከተበጠረውና ከተደረደረው ሎት (አንድ ላይ ከሚሸጠው የቡና ክምችት) ራሱ ይወሰድ። ቢያንስ ከየአሥሩ ኬሻ አንዱን በመውጊያ ወግተው፣ በድርድሩ ከላይም ከመሐልም ከታችም ካሉት ወስደው፣ አንድ ላይ በደንብ ቀላቅለው በሦስት ይክፈሉ። አንዱ ለገዢው ይላካል፣ ሁለተኛው ለላቦራቶሪ ይሆናል፣ ሦስተኛው አየር በማያስገባ እሽግ ታሽጎ፣ የሎት ቁጥሩና ቀኑ ተጽፎበት እርስዎ ጋር ይቀመጣል። ሦስተኛውን ገንዘቡ ገብቶ የቅሬታ ጊዜው እስኪያልፍ አይቁሉት፤ ግልግል ላይ ከእርስዎ ወገን የሚመሰክር ብቸኛው ነገር እሱ ነው። ለገዢው 300 ወይም 350 ግራም ይበቃል። ከመጋዘን ጥግ ካለች "ጥሩ ኬሻ" ብቻ ናሙና መላክ ለአንድ ሽያጭ ብቻ የሚሠራ ዘዴ ነው።

ውሉ ላይ "ይርጋጨፌ ደረጃ 2" ብሎ መተው አይበቃም። በባህላዊው አቆጣጠር በ300 ግራም ናሙና ውስጥ ደረጃ 1 እስከ 3፣ ደረጃ 2 ከ4 እስከ 12 ጉድለት ይይዛል፤ አውሮፓዊው ገዢ ግን ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው በሌላ ሠንጠረዥ ነው። የታጠበ ይሁን ያልታጠበ፣ የምርት ዘመኑ፣ የጉድለት ቁጥሩ በማን አቆጣጠር እንደሆነ፣ በወንፊት 14 (የፍሬ መጠን መለያ) ላይ የሚቀረው በመቶ ስንት እንደሆነ፣ ከፍተኛው እርጥበት፣ እና "በጸደቀው ናሙና መሠረት" የሚለው ቃል ከናሙናው ቁጥር ጋር ይጻፍ።

የላቦራቶሪው ጉዳይ ሁለት ነገር ላይ ያተኩራል። አንደኛው ኦክራቶክሲን ኤ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለተቆላ ቡና ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ 3 ማይክሮግራም ነው፤ ቀድሞ 5 ነበር፣ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ወርዷል። ለጥሬ ቡና በሕግ የተቀመጠ ጣሪያ ባይኖርም ገዢዎች በውል ያስገቡታል። መርዙ የሚፈጠረው ጀንፈል በወፍራሙ ሲሰጣ፣ ዝናብ ሲመታውና የወደቀ ፍሬ ሲደባለቅ ስለሆነ አዲስ አበባ ማበጠሪያ ላይ አይታረምም። ሁለተኛው የፀረ ተባይ ቅሪት ነው፤ የተለየ ጣሪያ ለሌለው ኬሚካል ሁሉ ገደቡ በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ነው። አርሶ አደሩ ምንም ሳይረጭ ቅሪት ሊገኝ ይችላል። በ2008 ጃፓን የኢትዮጵያን ቡና ስታግድ ጥርጣሬው ያረፈው በኬሻው ላይ ነበር። እህል ወይም ኬሚካል የነበረበት መጋዘንና መኪና አይጠቀሙ። ኬሻው አዲስ፣ በአትክልት ዘይት የተሠራ፣ ለምግብ የሚሆን መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ከአምራቹ ይጠይቁ፤ መለኪያው በኪሎ ከ1,250 ሚሊግራም ያነሰ ወደ ሳሙና የማይለወጥ ዘይት ነው።

ክብደት፦ የሚለካው የት ነው?

አብዛኛው የአውሮፓ ግዢ የሚፈረመው በአውሮፓ ስታንዳርድ የቡና ውል፣ በአጠራሩ "ኢኤስሲሲ" ነው፤ የሚያወጣው የአውሮፓ ቡና ፌዴሬሽን ነው። አንድ ገጹ ላይ ዋጋና ጥራት ብቻ ተጽፎ "ሌላው በኢኤስሲሲ መሠረት" ሲባል ያ ሁሉ አንቀጽ አብሮ ተፈረመ ማለት ነው። ስለዚህ ሙሉ ጽሑፉን ከፌዴሬሽኑ አውርደው ያንብቡት። በመጠን በኩል ሻጩ ከተዋዋሉት 3 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ መጫን ይችላል።

በክብደት በኩል ሁለት ምርጫ አለ። "በተጫነ ክብደት" ከሆነ ሲጫን የተመዘነው ይጸናል፤ መድረሻ ላይ የሚታየው ጉድለት ከ0.5 በመቶ ካለፈ ያለፈውን ሻጩ ይመልሳል። "በወረደ ክብደት" ከሆነ ግን የጎደለው ሁሉ የሻጩ ነው። ሁለተኛውን አይፈርሙ፤ ገዢው ግድ ካለ ዋጋው ውስጥ ያስገቡት።

ይህ ከእርጥበት ጋር ያለውን ግንኙነት በቁጥር እንየው። 19,200 ኪሎ ቡና በ12 በመቶ እርጥበት ቢጫንና መንገድ ላይ ወደ 11 በመቶ ቢወርድ 18,984 ኪሎ ሆኖ ይደርሳል። ማንም ሳይሰርቅ 216 ኪሎ ተነነ። 0.5 በመቶው 96 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ የ120 ኪሎ ዋጋ ይመልሳሉ፣ በ7.05 ዶላር 846 ዶላር። በሳምንት ክርክር የተገኘችው ሁለት ሳንቲም በዚህ አንድ መስመር ሙሉ በሙሉ ሄደች። በ10.5 እና በ11 በመቶ መካከል የተጫነ ቡና ይህን ሁሉ ጣጣ ይቀንሳል። የእርጥበት መለኪያውን በየወቅቱ ከላቦራቶሪ ውጤት ጋር አስተያይተው ያስተካክሉት፤ ግማሽ በመቶ የሚሳሳት መሣሪያ የመቶ ኪሎ ስህተት ነው።

የደን ሕጉ፦ ቡናው የበቀለበት ነጥብ

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 2023/1115 ከ2020 ዲሴምበር 31 በኋላ ደን ተጨፍጭፎ በተያዘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። የሥራ ላይ መዋያው ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ ለትልልቅና መካከለኛ ድርጅቶች 2026 ዲሴምበር 30፣ ለትንንሾቹ 2027 ጁን 30 ሆኗል። መራዘሙን አይቶ እጅ ማጣጠፍ አያዋጣም። ገዢዎች መረጃውን አሁኑኑ እየጠየቁ ነው፤ ሺህ ማሳ በአንድ ወር አይለካምና።

መግለጫውን በኅብረቱ ሥርዓት ውስጥ የሚያስገባው አስመጪው እንጂ እርስዎ አይደሉም። እርስዎ የሚያቀርቡት የእያንዳንዱን ማሳ መገኛ፣ የአምራቹን ማንነት፣ የተረከቡትን ኪሎና ቀን ነው። እስከ 4 ሄክታር ላለ ማሳ አንዲት የጂፒኤስ ነጥብ ትበቃለች፣ ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው በሙሉ መለካት አለበት። ነጥቡ ከአስርዮሽ በኋላ ስድስት አሃዝ ይኑረው።

እዚህ ላይ በጣም የሚደጋገሙ ስህተቶች አሉ። መዝጋቢው ማሳ ድረስ ሳይሄድ የገበሬው ቤት ደጃፍ ላይ ወይም ጣቢያው ውስጥ ቆሞ ይመዘግባል፤ ሃምሳ ገበሬ አንድ ነጥብ ላይ ተደራርቦ ይገኛል። ሁለተኛው የኬንትሮስና የኬክሮስ መገለባበጥ ነው። ገዢዎች የሚቀበሉት ጂኦጄሰን የሚባለው ፋይል ኬንትሮስን ያስቀድማል፤ ጂፒኤሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኬክሮስን አስቀድሞ ያሳያል። የይርጋጨፌ ማሳ 6 ዲግሪ ሰሜን፣ 38 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ ሲገለበጥ በአልጄሪያና በሰርዲኒያ መካከል ባሕር ውስጥ ይወድቃል። ፋይሉን ከመላክዎ በፊት የሳተላይት ካርታ ላይ ከፍተው ነጥቦቹ መሬት ላይ፣ ያውም በወረዳዎ ውስጥ መሆናቸውን በዓይንዎ ይዩ። ሦስተኛው የኪሎው ስሌት ነው፦ ሩብ ሄክታር ያለው ገበሬ ሁለት ቶን ጥሬ ቡና አስረከበ የሚል መዝገብ ማንም አያምንም፤ ከጎረቤት የመጣ ቡና በስሙ ገብቷል ማለት ነው።

መገኛው የማይታወቅ አሥር ኬሻ ከታወቀው ጋር ከተቀላቀለ ኮንቴይነሩ በሙሉ መገኛው ያልታወቀ ይሆናል። ስለዚህ መለየቱ ከመግዣ ጣቢያው ይጀምር፦ የተለየ የማድረቂያ አልጋ፣ የተለየ ክምር፣ የተለየ ደብተር።

የኦርጋኒክ ቡና ከሆነ በላዩ ሌላ ሰነድ አለ። የቁጥጥር ድርጅቱ የምርመራ ሰርተፊኬቱን በኅብረቱ የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ላይ ማውጣት ያለበት ጭነቱ ከአገር ከመውጣቱ በፊት ነው። ከወጣ በኋላ ከሆነ ቡናው እንደ ተራ ቡና ይሸጣል፤ የኦርጋኒኩ ጭማሪ ዋጋ ጠፋ።

ክፍያና ሰነድ

ሁለት መንገድ በብዛት ይሠራል፦ በሰነድ ልውውጥ መክፈል (በተለምዶ ሲኤዲ) እና ኤልሲ።

በሲኤዲ ሰነዱ በባንክዎ በኩል ወደ ገዢው ባንክ ይሄዳል፤ ገዢው ሲከፍል ብቻ ይሰጠዋል። ባንኮቹ ደላሎች እንጂ ዋስ አይደሉም፤ ገዢው እምቢ ቢል አያስገድዱትም። ስለዚህ ቢል ኦፍ ሌዲንጉ (ቡናውን ከመርከብ ለመረከብ የሚያስፈልገው የጭነት ሰነድ) በገዢው ስም በቀጥታ ሳይሆን "በትእዛዝ" ይውጣ፤ ያኔ ገዢው ካልከፈለ ለሌላ አስመጪ መሸጥ ይችላሉ። ዋናውን ሰነድ በቀጥታ ለገዢው በፖስታ መላክ ቁልፉን መስጠት ነው፤ "ጊዜ እንቆጥባለን" ቢሉም አይስማሙ። እንዲሁም "በመጀመሪያ ሲቀርብ ይከፈላል" ብለው ያጽፉ። ይህ ካልተጻፈ ገዢው መርከቡ እስኪደርስ ይጠብቃል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር ጥቃት ምክንያት ብዙ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ሲዞሩ ቆይተዋል፤ ጉዞው በሳምንታት ረዝሟል። ባንክዎ በዓመት 15 በመቶ ወለድ ቢያስከፍል በ135,450 ዶላር ላይ የአንድ ወር መዘግየት 1,690 ዶላር ገደማ ነው፤ በፓውንድ አራት ሳንቲም!

ኤልሲ የባንክ ቃል ኪዳን ነው፤ ግን ቃሉ የሚጠበቀው ሰነዱ እንከን ከሌለው ብቻ ነው። ዩሲፒ 600 በሚባለው ዓለም አቀፍ የኤልሲ ደንብ መሠረት ሰነዱ ቡናው ከተጫነበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥና የኤልሲው ጊዜ ሳያልፍ መቅረብ አለበት፤ ባንኩ ለመመርመር ቢበዛ 5 የባንክ ቀን አለው። የ5 በመቶ የመጠን መቻቻል አለ ብለው የሚተማመኑ አሉ፤ ያ መቻቻል ግን ኤልሲው መጠኑን በኬሻ ቁጥር ከገለጸው አይሠራም። "320 ኬሻ" ተብሎ 318 ከተጫነ እንከን ነው። የኢንቮይሱ የዕቃ መግለጫ ከኤልሲው ጋር መስማማት አለበት፤ "ይርጋጨፌ" በላቲን ፊደል አንድ ቦታ ተገጥሞ፣ ሌላ ቦታ ለሁለት ተከፍሎ እንዳይጻፍ ከኤልሲው ላይ ፊደል በፊደል ይቅዱ። ረቂቁን ባንኩ ከመክፈቱ በፊት ይጠይቁና ሊያሟሉት የማይችሉትን ያስወጡ፤ በተለይ ገዢው ወይም ወኪሉ መፈረም አለበት የሚል ሰነድ ካለ ክፍያዎ በገዢው ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

የተለመደው ጥቅል ኢንቮይስ፣ የእሽግ ዝርዝር፣ ሙሉ ስብስብ ቢል ኦፍ ሌዲንግ፣ የዓለም አቀፉ ቡና ድርጅት የመገኛ ሰርተፊኬት፣ የክብደትና የጥራት ሰርተፊኬት፣ ውሉ ከጠየቀ የዕፅዋት ጤናና የጭስ ሰርተፊኬት ነው። በሁሉም ላይ የሎት ቁጥሩ፣ የኬሻው ቁጥር፣ የተጣራው ኪሎ እና የኮንቴይነርና የማኅተም ቁጥሩ አንድ ይሁን። አንድ ሰው ያዘጋጅ፣ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ እያነበበ ያመሳክር። የጭነት ቀን የሚባለው መርከብ ላይ የወጣበት ቀን ነው እንጂ መኪናው ከአዲስ አበባ ወይም ከሞጆ የተነሳበት አይደለም፤ "ማርች ጭነት" ብለው ፈርመው ቡናው ጅቡቲ ላይ ኤፕሪል ካገኘው ውሉ ተጥሷል። የሚጭን መርከብ ሲታጣ ወዲያው ለገዢው ይጻፉ። ቀድሞ የተነገረ መዘግየት አብዛኛውን ጊዜ በስምምነት ያልፋል።

ኮንቴይነሩን ሲጭኑ

ባዶ ኮንቴይነር ሲመጣ አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ በሩ ይዘጋበት፤ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ካለ ይመለስ። ወለሉን በእጅ ይዳስሱ፣ ያሽቱ፤ የዓሣ፣ የቆዳ ወይም የኬሚካል ሽታ ካለ አይቀበሉ፣ ቡና ሽታ ይስባል። ጎኖቹንና ወለሉን በደረቅ ክራፍት ወረቀት ወይም ካርቶን ያልብሱ፣ እርጥበት መጣጭ ይስቀሉ፣ ከላይኛው ድርድርም በላይ ወረቀት ያልብሱ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ጅቡቲ ላይ በፀሐይ የጋለ ኮንቴይነር ውስጥ ከቡናው የወጣው እርጥበት ማታ ሲቀዘቅዝ፣ ይልቁንም በአውሮፓ የብርድ ወራት ሰሜን ባሕር ሲደርስ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። የላይኞቹ ኬሻዎች ይሻግታሉ፤ ቅሬታውም ከነሱ ይጀምራል። በሩ ከመዘጋቱ በፊት፣ ሲጋመስ፣ ሲሞላና ማኅተሙ ሲታሰር ቁጥሩ በሚነበብበት ሁኔታ ፎቶ ያንሱ።

ጠብ ቢነሳ

ውሉ የግልግሉን ከተማ መጥቀስ አለበት፤ ለንደንና ሐምቡርግ የተለመዱ ናቸው። ክፍት አይተዉት። የጥራት ግልግል ውጤት አብዛኛውን ጊዜ የዋጋ ቅናሽ ነው፤ ስለዚህ ቅሬታ ሲመጣ ቶሎ ብለው ያስቀመጡትን ሦስተኛ እሽግ በገለልተኛ ቀማሽ ያስቀምሱና በቁጥር ይነጋገሩ። ዝም ማለት ግልግሉን አያስቀርም፤ በሌሉበት ይወሰናል። ኢትዮጵያ በ2020 የኒውዮርክ የግልግል ስምምነትን ተቀብላለች፤ ውጭ አገር የተሰጠ ውሳኔ እዚህም ሊፈጸም፣ እርስዎ የረቱትም እዚያ ሊፈጸምልዎ ይችላል።

ቆልቶ መላክ ለሚያስቡ

አውሮፓ ካሉ ዘመዶችና ሱቆች ጋር ሆነው የተቆላ ቡና ለመሸጥ የሚያስቡ ብዙ ናቸው። ጥሬ ቡና ወደ ኅብረቱ ሲገባ ከማንም አገር ቢመጣ ቀረጥ የለበትም፤ የተቆላ ቡና መደበኛ ቀረጥ ግን 7.5 በመቶ ነው። ለኢትዮጵያ "ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉም" በሚለው ዕድል ዜሮ ይሆናል፤ ይህን ለማግኘት ከ6,000 ዩሮ በላይ ለሆነ ጭነት ላኪው በሬክስ (የኅብረቱ የተመዘገቡ ላኪዎች) ሥርዓት ተመዝግቦ የመገኛ መግለጫውን ኢንቮይሱ ላይ ማስፈር አለበት። ጀርመን ውስጥ በዚህ ላይ የቡና ግብር አለ፤ በተቆላ ቡና በኪሎ 2.19 ዩሮ፣ በሚሟሟ ቡና 4.78 ዩሮ። ቀረጥ የለም ማለት ግብር የለም ማለት አይደለም፤ ጀርመን ያለው ተረካቢ ዕቃው ከመድረሱ በፊት ከጉምሩክ ጋር ይጨርስ። እሽጉ ላይ በሚሸጥበት አገር ቋንቋ የምርቱ ስም፣ የተጣራ ክብደት፣ ከመቼ በፊት ቢጠቀሙት እንደሚሻል እና በኅብረቱ ውስጥ የሚገኘው ኃላፊ ድርጅት ስምና አድራሻ ይታተም። ከመቶ ኪሎ ጥሬ ቡና ቆልተው የሚያገኙት 84 ወይም 85 ኪሎ ነው፤ ዋጋውን ሲያወጡ በጥሬው ኪሎ አይካፈሉ።